ሊዮኒድ ካንቶሮቪች

ሊዮኒድ ቪታሊየቪች ካንቶሮቪች (ጃንዩዌሪ 19 ቀን 1912 – ኤፕሪል 7 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.) የሶቪየት ኅብረት የሒሳብና የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነበር። ውስን ሀብትን በተሻለ መንገድ ለመደልደል የሚያገለግለውን ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የተባለ የስሌት ዘዴ ከመሠረቱት አንዱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሕይወት ታሪክ

ካንቶሮቪች የተወለደው በሴንት ፒተርስበርግ ሲሆን አባቱ ሐኪም ነበር። በ14 ዓመቱ ሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ18 ዓመቱ ተመረቀ፤ በ22 ዓመቱም ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1938 የአንድ ኮምፔንሳቶ አምራች ድርጅት ላቦራቶሪ አንድ ጥያቄ አቀረበለት። ድርጅቱ 8 የግንድ መላጫ ማሽኖችና 5 የእንጨት ዓይነቶች ነበሩት፤ የእያንዳንዱ ማሽን ፍጥነት እንደ እንጨቱ ዓይነት ይለያያል። ምርቱ ከፍተኛ እንዲሆን የትኛው ማሽን የትኛውን እንጨት ለምን ያህል ጊዜ ይላጥ? ካንቶሮቪች ለእያንዳንዱ ገደብ አንድ ማባዣ ቁጥር በመስጠት ጥያቄውን ፈታው። ቁጥሩ ገደቡ በጥቂቱ ቢላላ ምርቱ ምን ያህል እንደሚጨምር ያሳያል። ሥራውን በ1939 በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንዚግ ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ ያገኘው ከዚህ ሥራ ጋር ሳይተዋወቅ በ1947 ነው።

ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ ምግብ ወደ ከተማዋ ይገባ የነበረው በላዶጋ ሐይቅ በረዶ ላይ በሚጓዙ መኪናዎች ነበር። ካንቶሮቪች በረዶው እንዳይሰበር በመኪናዎቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን ርቀት ከበረዶው ውፍረትና ከአየሩ ቅዝቃዜ በመነሳት አሰላ።

በ1942 ዘዴውን ለመላው አገሪቱ ኢኮኖሚ የሚያውል መጽሐፍ ጻፈ። ነገር ግን ማባዣዎቹ እንደ ዋጋ ስለሚያገለግሉ ከማርክስ ትምህርት ጋር ይጋጫሉ ተብሎ ተቃውሞ ገጠመው። መጽሐፉ የታተመው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1959 ነው። በ1975 ከቻሊንግ ኮፕማንስ ጋር የኖቤል የምጣኔ ሀብት ሽልማትን ተጋራ። በሞስኮ አረፈ።

በኬሚካል ምህንድስና

በ1967 ሥራ እንደጀመረው የአሰብ ማጣሪያ ያለ የነዳጅ ማጣሪያ ከድፍድፍ ዘይት ብዙ ዓይነት ምርት ያወጣል። ቤንዚን ሲቀየጥ የኦክቴን መጠኑ ከተወሰነው እንዳያንስ፣ ወጪውም ዝቅተኛ እንዲሆን ይፈለጋል፤ የቅየጣው ድልድል በሊኒየር ፕሮግራሚንግ ይሰላል።

የፋብሪካ ንድፍ እኩልዮሾች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀጥተኛ አይደሉም። ስለዚህ ከግምት ተነስቶ መልሱን ደጋግሞ በሚያሻሽለው የኒውተን ዘዴ ይፈታሉ። መነሻ ግምቱ ከመልሱ ከራቀ ስሌቱ መንገድ ሊስት ይችላል። ካንቶሮቪች በ1948 ያወጣው እርግጥ፣ ስሌቱ ከተመረጠው መነሻ ተነስቶ መልስ ላይ ለመድረሱ ዋስትና የሚሰጡትን ሁኔታዎች ይወስናል።