እስክንድር ደስታ

ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ (1926 – ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምክትል ዋና አዛዥ የነበሩ መኮንን ናቸው። እናታቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ፣ አባታቸው ደግሞ አርበኛው ራስ ደስታ ዳምጠው ነበሩ። አባትና ልጅ ወደ 38 ዓመት በሚጠጋ ልዩነት ሁለቱም ያለ ፍርድ ተገድለዋል።

ልጅነት

እስክንድር ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ገና ሕፃን ነበሩ። አባታቸው በደቡብ ግንባር ጦር መርተው በገናሌ ዶሪያ ከተሸነፉ በኋላ እጃቸውን ሳይሰጡ ከአንድ ዓመት በላይ በአርበኝነት ተዋጉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጌቲ ውጊያ የቀረው ጦራቸው ተበተነ። እርሳቸውም የካቲት 17 ቀን በጉራጌ ምድር፣ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። ያን ጊዜ እስክንድር ሦስት ዓመት አልሞላቸውም፤ ከእናታቸው፣ ከወንድማቸውና ከአራት እኅቶቻቸው ጋር በስደት ላይ ነበሩ። ትምህርታቸውን በእንግሊዝ አገር በዌሊንግተን ኮሌጅ ተከታትለው፣ በዚያው አገር ባሕር ኃይል ሠልጥነዋል።

ባሕር ኃይሉና ሥልጠናው

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አገሪቱ ረጅም የባሕር ዳርቻ አገኘች። ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1955 ተቋቋመ፤ በ1958 ራሱን የቻለ የጦር ክፍል ሆነ። ለማደራጀትና ለማሠልጠን እንግሊዛውያንና የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ተቀጠሩ። አብዛኛው ምልምል ከደጋ የመጣና ባሕር አይቶ የማያውቅ ስለነበር ሥልጠናው የሚጀምረው ከመሠረቱ ነበር።

ለመኮንንነት የሚታጩ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1956 አሥመራ ላይ በተከፈተው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ለ52 ወራት ይማሩ ነበር። ከመኮንኖቹ አንዳንዶቹ ወደ ጣሊያኑ የሊቮርኖ አካዳሚ ወይም ወደ አሜሪካ ተልከዋል። ተራ ባሕርተኞች የሚሠለጥኑት በምጽዋ ሲሆን ዋናው ጦር ሰፈርም እዚያው ነበር። የባሕር ኮማንዶዎች ማሠልጠኛ ከአሥመራ ወደ ምጽዋ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ በምትገኘው እምባትካላ ተቋቁሟል። በዚህ አቀማመጥ ምክንያት ሠልጣኙ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአሥመራ ቀዝቃዛ አየር ተነሥቶ፣ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከባሕር ወለል ላይ ወዳለችው የምጽዋ ብርቱ ሙቀት መውረድና ሰውነቱን ለሁለቱም ማለማመድ ነበረበት።

ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራች፣ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት የአሜሪካ የባሕር አውሮፕላን አገልጋይ መርከብ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጥታ ለዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛነት አገለግላለች። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ ነበር፤ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ይጋበዙ ነበር።

እስክንድር በዚህ ጦር ውስጥ እስከ ሪር አድሚራልነት ማዕረግ ደርሰዋል። የሙያ ሥልጠና ቢኖራቸውም ሥልጣናቸው ከንጉሣዊ ቤተሰብነታቸው ተለይቶ አልታየም። አብዮቱ ሲፈነዳ ይህ ዝምድና ለአደጋ አጋለጣቸው።

የ1966 ዓመፅና ግድያ

በየካቲት 1966 ዓ.ም. ወታደሩ በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ሲያምፅ፣ አሥመራ ከነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ቀጥሎ የምጽዋ ባሕርተኞችም ተነሡ። እስክንድር ከገዛ ጦራቸው ሸሽተው ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በደርግ ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ካሉባቸው ሌሎች ባለሥልጣናት ጋር በአዲስ አበባ ወህኒ ቤት ተረሸኑ። ዕድሜያቸው 40 ዓመት ነበር። እናታቸውና እኅቶቻቸው ለ14 ዓመታት ያህል ታስረዋል።

ከሞታቸው በኋላ

በጅምላ የተቀበረው የሟቾቹ አፅም ደርግ ከወደቀ በኋላ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። ባሕር ኃይሉ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋን አጣ። «ኢትዮጵያ» መርከብ እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን ሸሽታ በኋላ ለብረትነት ተሸጠች። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሕር ኃይሉ ፈረሰ። ባሕር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ዕቅድ በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አገሪቱ የባሕር በር በሌላት ጊዜ ነው።