የአለን ብሉምላይን ታሪክ፤ ድምፅን በሁለት ማጉያ ያሰማ መሐንዲስ

የአንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሕይወት ታሪክ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት አምና በደረሰብኝ እፍረት ምክንያት ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን ልናገር።

አምና በወላጆች ቀን የድምፁን መሣሪያ እንድጠብቅ የተመደብሁት እኔ ነበርሁ። መዝሙሩና ንግግሩ ሁሉ አስቀድሞ ተቀርጾ በኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ተቀመጠ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ከአዳራሹ በስተ ቀኝ የቆመውን ድምፅ ማጉያ በሽቦ አገናኘሁት። ለግራው ግን ሽቦው አጠረኝና ያለ ሽቦ በብሉቱዝ አገናኝቼ፣ ኮምፒዩተሩ በሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲያሰማ አዘዝሁት። ድምፁም ከሁለቱም ወጣ። ነገር ግን የግራው ከቀኙ ኋላ እየቀረ፣ ሰው በሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ሲጣራ የገደል ማሚቶ እንደሚመልስለት፣ ቃሉን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ይል ጀመር። ከተቀረጹት ንግግሮች አንዱ የእኔ ነበር። ከጨንቻ ድረስ ወርዳ የመጣችው እናቴ በፊተኛው ወንበር ተቀምጣ ሳለ አንዲት ቃል እንኳ ሳትለይ ተመለሰች።

ምክንያቱን ሳጠና ያገኘሁት ይህ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ጠቅልሎ ይልካል፤ ተቀባዩም ጥቅሉን እስኪፈታ ድረስ አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ይህ ለሰዓት ተመልካች ምንም አይደለም፤ ለጆሮ ግን ብዙ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳልና፣ የሁለት አሥረኛ ሰከንድ መዘግየት ማለት የግራውን ድምፅ ማጉያ አንሥቶ 68 ሜትር ወደ ኋላ እንደ መውሰድ ነው። ይህንኑ ስከታተል ሳለሁ የአለን ዳወር ብሉምላይንን ስም አገኘሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሉምላይን በ1903 ሰኔ 29 ቀን በለንደን ከተማ ሐምፕስቴድ በሚባል ሰፈር ተወለደ። አባቱ ትውልዱ ከጀርመን አገር ነበር፤ እናቱም በደቡብ አፍሪካ ይኖር የነበረ የስኮትላንድ ሚሲዮናዊ ልጅ ነበረች። በሰባት ዓመቱ የቤታቸውን የኤሌክትሪክ ደወል ጠግኖ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ ብሎ ፈርሞ፣ ለአባቱ የሒሳብ ደረሰኝ እንዳቀረበ ይነገርለታል። ይህ ብልህ ልጅ ግን ንባብ አጥብቆ ይከብደው ነበር፤ በደንብ ማንበብ የቻለው ወደ አሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ነው ይባላል። (በክፍላችን ንባብ የሚከብዳቸው ሁለት ጓደኞች ስላሉኝ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልወደድሁም።) በ1923 በለንደን ከኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ከዚያም በስልክ መሥመር ሥራ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1929 ወደ ኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ገባ። ይህም ኩባንያ በ1931 ከሌላው ጋር ተዋህዶ ኢ.ኤም.አይ. ተባለ።

እስከዚያ ዘመን ድረስ የተቀረጸ ድምፅ ሁሉ የሚሰማው ከአንድ አፍ ብቻ ነበር። በ1898 የተቀረጸው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክት ለአፄ ምኒልክ በተሰማ ጊዜም የንግሥቲቱ ድምፅ የወጣው ከአንድ የፎኖግራፍ ቀንድ ነው።

በ1931 ብሉምላይን ዶሪን ከምትባል እጮኛው ጋር ሲኒማ ቤት ገብቶ ሳለ፣ ተዋናዩ በመጋረጃው አንድ ጫፍ እየሄደ ድምፁ ግን ከሌላ ስፍራ ሲመጣ አይቶ ነገሩ አላስደሰተውም። ድምፁ ሰውየውን እንዲከተለው የማደርግበት ዘዴ አለኝ ብሎ ለእጮኛው እንደ ነገራት ይተረካል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 14 ቀን ማመልከቻውን አስገባ፤ ማመልከቻውም ቁጥር 394325 ተሰጥቶት፣ በውስጡ ሰባ የፈጠራ ነጥቦችን የያዘ ነበር።

ሐሳቡ ከጆሮአችን የተወሰደ ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ከግራው ቀድሞ ይደርሰዋል፤ ልዩነቱም ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ስለዚህ ብሉምላይን በሁለት ማይክሮፎን ቀርጾ በሁለት ድምፅ ማጉያ ማሰማት ፈለገ። ነገር ግን ሁለቱ ድምፆች በሁለት ሸክላ ላይ ቢቀረጹ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ እንኳ ቢዘገይ ሁሉ ነገር ይበላሻል። እርሱ ያገኘው መፍትሔ እጅግ ያስደንቃል። ከተፈተኑት መንገዶች አንዱ እንዲህ ነው፦ በሸክላው ላይ ያለው ትልም፣ ገበሬ በማረሻ እንደ ቀደደው ትልም፣ ግራና ቀኝ ሁለት ግድግዳ አለው። እያንዳንዱ ግድግዳ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ሆኖ፣ በአንደኛው የግራው ድምፅ፣ በሌላው የቀኙ ድምፅ ይቀረጻል። መርፌዋ አንዲት፣ ትልሙም አንድ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ድምፆች ተለያይተው ሊወጡ አይችሉም። እኔ ያጠፋሁት ይህንኑ ነበር፤ ሁለት መውጫ ከፈትሁ እንጂ ሁለቱን በአንድ ትልም አላሰርኋቸውም።

በ1934 በአቢ ሮድ ስቱዲዮ፣ ሰር ቶማስ ቢቻም የሞዛርትን ጁፒተር የተባለውን ሲምፎኒ ሲያስመቱ በዚህ ዘዴ ተቀረጸ። በተከታዩም ዓመት በሄይስ ጣቢያ የሚያልፉ ባቡሮችን በፊልም አንሥቶ፣ ድምፁ ባቡሩን ተከትሎ ከመጋረጃው ጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሄድ አደረገ። ኩባንያው ግን ገበያ አልታየውምና ሥራው በመደርደሪያ ተቀመጠ። ብሉምላይንም ወደ ቴሌቪዥን ሥራ ተዛወረ፤ ቢ.ቢ.ሲ. በ1936 ኅዳር ወር ቴሌቪዥን ማሰራጨት ሲጀምር፣ ከተፈተኑት ሁለት መሣሪያዎች በኋላ የተመረጠው የእርሱ ጓዶች የሠሩት ነበር።

ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ አብራሪዎች በጨለማና በደመና ውስጥ ምድርን እንዲያዩ የሚያደርግ ራዳር እንዲሠራ ተጠራ። በ1942 ሰኔ 7 ቀን ይኸው ራዳር የተገጠመበት ሃሊፋክስ የተባለ አውሮፕላን ሞተሩ በአየር ላይ ተቃጥሎ በዋይ ወንዝ ሸለቆ ወደቀ። የተሳፈሩት አሥራ አንድ ሰዎች በሙሉ ሞቱ፤ ብሉምላይን አንዱ ነበር። በኋላ እንደ ተመረመረው የእሳቱ መነሻ በሞተሩ ውስጥ የላላች አንዲት ዳዶ ናት። ሠላሳ ዘጠነኛ ዓመቱን ሊሞላ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ከባለቤቱ ከዶሪንም ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ነበሩት። ሥራው የጦር ምሥጢር ስለ ነበረ ሞቱ በጊዜው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ስለዚህም 128 ያህል ፈጠራዎች የተመዘገቡለት ሰው እንደ ማንም ሳይወራለት አለፈ።

የፈጠራው መብት በ1952 አበቃ። ባለ ሁለት ድምፁ ሸክላ በየሱቁ መሸጥ የጀመረው ግን በ1958 ነው፤ ትልሙም ያው 45 ዲግሪ ያዘነበለው ነበር። በ2017 በአሜሪካ የግራሚ ሽልማት ለመታሰቢያው ተሰጠ።

ዘንድሮም የድምፁን መሣሪያ እኔው እንድይዝ ተፈቀደልኝ። ከኮምፒዩተሩ አንድ መውጫ ብቻ ወስጄ፣ ከዚያ ወዲያ ለሁለት ከፍዬ፣ በአዳራሹ በር አናት ላይ ባሳለፍሁት ረጅም ሽቦ ሁለቱንም ድምፅ ማጉያዎች አገናኘሁ። እናቴ በዚያው በፊተኛው ወንበር ተቀምጣ ነበር። ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ እኔ ቀርባ፣ ዘንድሮ የተናገረው ልጅ ያው የአምናው ልጅ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።