የመለኪያው መርማሪ ቻርልስ ስፒርማን

የፍርሃት ሕመምን ክብደት የሚለካ መጠይቅ ይዞ ወደ ላስታ ደጋ የሚወጣ ባለሙያ አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። መጠይቁ በተደጋገመ ቁጥር ያንኑ ውጤት ይሰጣልን? የሚለካውስ በእርግጥ ሕመሙን ነውን? የመጀመሪያው አስተማማኝነት፥ ሁለተኛው ትክክለኛነት ይባላል። ሁለቱ የሚተሳሰሩበትን መንገድ በስሌት ያሳየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ኤድዋርድ ስፒርማን ነው።

ስፒርማን በ1863 በሎንዶን ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የወጣትነት ዘመኑን በብሪታንያ ጦር መኮንንነት አሳለፈ። በ1897 ከጦሩ ተሰናብቶ ወደ ላይፕዚክ አመራና በቪልሄልም ቩንት ዘንድ ሥነ ልቡና ማጥናት ጀመረ። በመካከሉ የቦር ጦርነት ለውትድርና መልሶ ቢጠራውም፥ በ1906 ዶክትሬቱን አገኘ፤ ዕድሜው ከአርባ አልፎ ነበር።

ስሙን ያስጠራው በ1904 ያሳተመው ጥናት ነው። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ድምፅን፥ ብርሃንንና ክብደትን የመለየት ችሎታቸውን ለካ፤ ውጤቱንም ልጆቹን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ስለ ብልህነታቸው ከሰጡት ግምት ጋር አነጻጸረ። ከዚህም ተነሥቶ፥ ማናቸውም መለኪያ ስሕተት እንዳለበት፥ ስሕተቱም በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ተዛምዶ አሳንሶ እንደሚያሳይ አስረዳ። በስሌቱ መሠረት የአንድ መጠይቅ አስተማማኝነት 0.64 ቢሆን፥ ሐኪሙ ፈጽሞ የማይሳሳት እንኳ ቢሆን፥ መጠይቁ ከሐኪሙ ፍርድ ጋር ያለው ተዛምዶ ከ0.80 አያልፍም። በ1910 ደግሞ እርሱና ዊልያም ብራውን በየበኩላቸው ባወጡት ቀመር፥ አስተማማኝነቱ 0.60 የሆነ መጠይቅ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተጨምረውበት እጥፍ ቢሆን ወደ 0.75 ከፍ ይላል።

ከ1907 እስከ 1931 በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማረ፤ በ1924 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1945 በሎንዶን ሞተ። ሁሉን ችሎታ የሚመራ አንድ አጠቃላይ የአእምሮ ኃይል አለ የሚለው ትምህርቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መለኪያን ስለ መፈተሽ ያስተማረው ግን ጸንቶ ኖሯል።

ይሁን እንጂ አስተማማኝነት ብቻውን አይበቃም። በላሊበላ ምእመናን በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ያለውን ጨለማ መተላለፊያ ግድግዳ እየዳበሱ የሚያልፉት ሲኦልን እያሰቡ ነው፤ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውም መንገድ በገደል አፋፍ ያልፋል። በዚያ የሚሰማ ፍርሃት ከአምልኮ እንጂ ከሕመም አይቆጠርም። በ2021 ጦርነቱ ላሊበላን ካዳረሰ በኋላም፥ የተኩስ ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው በቂ ምክንያት ነበረው። ስለ ጨለማ፥ ስለ ከፍታና ስለ ድምፅ የሚጠይቅ ትርጉም መጠይቅ ይህን ሳይለይ ቢደምር፥ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ውጤት እየሰጠ በየሳምንቱ ይሳሳታል። ሥጋቱ ባዶ ግምት አይደለም፤ የአእምሮ ሐኪሙ ፍራንክ ኮርትማን በ1990 ባወጣው ጽሑፍ፥ የአእምሮ ሕመምተኞችን ለመለየት የሚያገለግል አንድ የታወቀ መጠይቅ በኢትዮጵያ ያሳየውን ጉድለት አቅርቧል።

የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ተጠያቂው ነው። ጤነኛው ሕመምተኛ ይባላል፤ በፍርሃት ምክንያት ገበያና ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተወው ደግሞ ሳይታወቅ ይቀራል። ስለዚህ ስፒርማን በገጠሩ ትምህርት ቤት እንዳደረገው፥ የመጠይቁን ቁጥር ሰውን ከሚያውቅ ሰው ፍርድ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በላስታም ቋንቋውንና ልማዱን የሚያውቅ ሐኪም፥ የመጠይቁን ውጤት ሳያይ፥ ያንኑ ሰው ለብቻው ይመርምር። ቁጥሩ የሚታመነው ከዚያ በኋላ ነው።