በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና የሀገራችን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት

ግሽ ዓባይ ምንጩ ዳር ቆሞ ያችን ቀጭን ውሃ ያየ ሰው፣ ግብፅ ትደርሳለች ቢሉት ቶሎ አያምንም። የሀገራችን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አጀማመርም እንደዚያው ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁትን ሰው ሕይወት ባጭሩ እንመልከት።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር ሄደው ራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳሉ የራስን ጦር ተከትለው ዓድዋ ዘመቱ። ከዚያም ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆረቆሩ። «ፋቡላ» የተባለው ድርሰታቸው በአማርኛ የመጀመሪያው ቴአትር ነው። አውሬዎችን እያናገሩ የአስተዳደሩን ጉድለት ነካ ነካ ቢያደርጉበት ጊዜ ሹማምንቱን አላስደሰተም።

በጅሮንድ ሆነው ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ አዘዟቸው። የጃፓንን የ1889 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው በ7 ምዕራፍና በ55 አንቀጽ ያሰናዱት ሰነድ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈረመ። ሁለት ምክር ቤቶችም ቆሙ። የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሡ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ! በ1787 (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ ላይ የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የጸናው በየግዛቱ የተመረጡ ሰዎች ተከራክረው ካጸደቁት በኋላ ነው። እርግጥ ባሮችና ሴቶች ከክርክሩ ውጭ ነበሩ። የኛው ግን ከዙፋን የተሰጠ ነበር፤ የመጨረሻው ሥልጣንም እዚያው ዙፋኑ ላይ ቀረ።

ለመሆኑ ሕዝቡ መቻሉን የሚለካው ማነው? የቡሬና የሰከላ ገበሬ በሽምግልና ነገር ሲቆርጥ፣ የማኅበሩን ሙሴ ሲመርጥ የኖረ ሰው እኮ ነው! የጎደለው ማንበብና መጻፍ ከሆነ ደግሞ አስተማሪ ይላክለታል እንጂ ዝም ብለህ ቆይ አይባልም። ሕጉ የጊዜ ገደብ ስላላኖረ፣ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ አባሎችን ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። 24 ዓመት ማለት አንድ ትውልድ ነው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በኋላ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። በ1928 ዓ.ም. የንጉሡን ከሀገር መውጣት ተቃወሙ። ራሳቸውም በስደት ማዳጋስካር ድረስ ሄዱ። ከተመለሱ በኋላ ሂርና ላይ እርሻ ይዘው ኖሩ፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ ነገ ገጠር ገብተን ጠመኔ ስንይዝ ያቺን «እስኪችል ድረስ» የምትል ሐሳብ አንርሳት። ሕግ የሚያረቅ ሊቅ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ሕጉን አንብቦ መብቴ የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ የሚወጣው ግን ከየመንደሩ ክፍል ነው። ያ ደግሞ የኛ ድርሻ ነው።