ሳኪቺ ቶዮዳና የተበጠሰው ክር

ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 በጃፓን አገር ከአናጢ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱን ጨምሮ የመንደሩ ሴቶች በየቤታቸው ሲሸምኑ እየተመለከተ አደገ። ጎረቤቶቹ እንደ እንግዳ ሰው ቢቆጥሩትም ድካማቸውን ማጥናቱን አልተወም፤ በ1890 በአንድ እጅ የሚሠራ የእንጨት መሸመኛ አበጀ።

ይሁን እንጂ በሞተር የሚሠራ መሸመኛ ማጉ ባለቀ ወይም ድሩ በተበጠሰ ጊዜ ሳይቆም ስለሚቀጥል ጨርቁ ይበላሻል፤ ሠራተኛውም እንደ ዘበኛ ሲጠብቀው ይውላል። ቶዮዳ ጉድለቱን ራሱ ዐውቆ የሚቆም መሸመኛ ሠራ። በዚህም አንድ ሰው ብዙ መሣሪያዎችን ለመቆጣጠር ቻለ። የ1924ቱን መሸመኛ የፈጠራ መብት የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ በ1929 ገዛ። ቶዮዳም በተከታዩ ዓመት ዐረፈ።

ችግሩ ካለበት ስፍራ ቆሞ ሠራተኛውን መመልከት ከማናቸውም ዕቅድ መቅደም እንዳለበት ሕይወቱ ምስክር ነው።