ኦኔሲሞስ ነሲብ፦ ከባርነት እስከ ነቀምቴ ትምህርት ቤት

በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ኢሉባቦር ውስጥ በሁሩሙ አቅራቢያ በአውሮፓውያኑ 1856 ገደማ የተወለደውን ሕፃን ወላጆቹ ሂካ ብለው ጠሩት። በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ሂካ በአራት ዓመቱ አባቱን አጣ። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ጠለፉት፤ በስምንት ጌቶች እጅ ካለፈ በኋላም ቀይ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። ምጽዋ ላይ ነጻ ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነበር።

ብላቴናውን ተቀብሎ ያስተማረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ነው። ሚሲዮኑ ወደ አካባቢው የመጣው ወደ ኦሮሞ ምድር ለመዝለቅ ቢሆንም መንገዱ ተዘጋበት፤ ስለዚህም ከባርነት የተረፉ ልጆችን በባሕሩ ዳርቻ ማስተማር ያዘ። ሂካ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰው ኦኔሲሞስም ባሪያ ነበር። ከዚያም በስዊድን አምስት ዓመት የመምህርነት ትምህርት ተከታተለ።

ኦኔሲሞስ ከስዊድን እንደተመለሱ ምሕረት ኃይሉን አገቡ፤ ወዲያውም የትውልድ አገራቸውን ፍለጋ ተነሡ። አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናውያን ወደ ደጋው እንዳይገቡ ከልክለው ስለነበር ጉዞው በሱዳን ጠረፍ በኩል ሆነ። ተጓዦቹ ከአሶሳ ማለፍ አልቻሉም። ኦኔሲሞስ በጠና ታመው በ1882 ካርቱም ሲደርሱ የማህዲስቶች ዓመፅ ከተማይቱን ማስጋት ጀምሮ ነበር። በ1886 እንጦጦ ድረስ ቢዘልቁም ከዚያ እንዲመለሱ ታዘዙ።

አገራቸው መግባት የተከለከሉት ሰው በምጽዋ አጠገብ ባለችው እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ወደ መተርጎም አዘነበሉ። እዚህ ላይ ያጋጠማቸው ችግር ከጠረፍ ጠባቂ የከፋ ነበር፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከተናጋሪዎቹ ርቀው ስለኖሩ የገዛ ቋንቋቸው አነሳቸው። ክፍተቱን የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም በባርነት ተሽጣ ወደ ዓረብ አገር ስትጫን ጣልያኖች በ1886 ከጀልባ ላይ አስጥለው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ያመጧት ወጣት ነበረች። አምስት መቶ ያህል ተረቶችን፣ ዘፈኖችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አሰፈረች። የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍም አዘጋጅታ በ1894 በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት ታተመ። የመጽሐፉ ርእስ ያኔ የተለመደውን፣ ዛሬ ግን በስድብነቱ የሚታወቀውን የሕዝቡን መጠሪያ የያዘ ነው፤ ውስጡ ግን አንድ ልጅ ከእናቱ አፍ በሚሰማው ቋንቋ ማንበብ እንዲጀምር የተሰናዳ ነበር።

አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ። የኋለኛው የታተመው ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። ምስጋናው ለኦኔሲሞስ ብቻ ተሰጠ። ሆኖም ከትርጉሙ ቀላል የማይባለው ክፍል የአስቴር ሥራ እንደሆነ የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ፤ በዚህ ረገድ ታሪክ ለእርሷ አልፈረደላትም።

በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ባልደረቦቻቸው ወለጋ ገቡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) በክብር ተቀበሏቸው፤ እነርሱም ትምህርት ቤት ከፈቱ። የኦኔሲሞስ ስብከት በኦሮምኛ መሆኑ ግን ቋንቋውን የማይሰሙትን የአካባቢውን ካህናት አስቆጣ። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው በድንግል ማርያም ላይ የስድብ ቃል ተናግረዋል ተብለው ተከሰሱ፤ አቡኑም እንዲጋዙ ፈረዱባቸው። አፄ ምኒልክ የግዞቱን ፍርድ ሽረው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ እንዳይሰብኩ ግን ከለከሏቸው።

ኦኔሲሞስ ዓመታቱን ነቀምቴ ውስጥ ልጆች በማስተማር አሳለፉ፤ የግዞት ሥጋትም አልተለያቸውም። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱን የሻረ አልነበረም። ኦኔሲሞስ ጁን 21 ቀን 1931 ዐረፉ። አስቴር ጋኖ ከእርሳቸው በኋላ 33 ዓመት ኖረው በ1964 ሞቱ።