ግብ አዳኙ ይድነቃቸው ተሰማ

ከሚሴ፦ በከሚሴም ሆነ በጨፋ ሮቢት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በሚታይበት ቤት ሁሉ ስለ ግብ አዳኞች ክርክር አይጠፋም። አላን ሺረር በ441 የሊጉ ጨዋታዎች 260 ግቦችን ማስቆጠሩን በቃሉ የሚናገር ወጣት ብዙ ነው። በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን ያስቆጠሩትን ኢትዮጵያዊ አጥቂ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። የሁለቱ ውድድሮች ደረጃ እንደማይነጻጸር እሙን ነው፤ ይሁን እንጂ በየጨዋታው አንድ ግብ ለማስቆጠር የተቃረበ አጥቂ በየትም ሀገር ብርቅ ነው።

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ድምፃቸውን በጀርመን ሀገር በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ልባቸው ወደ ኳስ አደላ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲመሠረት የ14 ዓመት ታዳጊ ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ማልያውን ለበሱ። ለ23 ዓመታትም አላወለቁትም።

የልጅነት ጨዋታቸው በሰላም ዘመን አልነበረም። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የቡድኑ ስም ሳይቀር ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሰውን በቆዳው ቀለም በሕግ ለይቶ በሚገዛ መንግሥት ሥር ኳስ መጫወት ምን ማለት እንደሆነ ይድነቃቸው ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሜዳ ነው። የኋላ ሥራቸው ሁሉ ከዚህ ልምድ የተቀዳ ይመስለናል።

በ1949 ዓ.ም ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለመመሥረት በካርቱም ሲሰበሰቡ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተሰረዘች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ብድሩ የተመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ነው። ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ አሠልጣኝ ሆነዋል። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ሁለተኛዋ የአቻነት ግብ የተገኘችው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የኢታሎ ወንድም፣ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአስመራ የተወለደ ነበር። በልጅነታቸው በዘር ሕግ ሥር የተጫወቱት ሰው ዋንጫውን የበሉት እንዲህ ባለ ቡድን ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አላነሣችም።

ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ለአፍሪካ በዓለም ዋንጫ የተለየ ቦታ ባለመሰጠቱ የአህጉሩ ሀገሮች የ1958ቱን ውድድር ረግጠው ሲቀሩ፣ በ1962 ዓ.ም አንድ፣ በ1974 ዓ.ም ደግሞ ሁለት ቦታ ሲያገኙ በትግሉ ውስጥ ነበሩ። ዘረኛው የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን በ1968 ዓ.ም ከፊፋ እንዲባረር ከተከራከሩት መካከልም በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ።

የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መጉረፋቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ልጆቹ ሲሄዱ የሀገር ውስጥ ውድድር ይመነምናል፣ ተመልካቹም ይሸሻል የሚል ሥጋት ነበራቸው። በዚህ አቋማቸው የማይስማሙ ብዙዎች ነበሩ፤ ተጫዋቹ እንጀራውን ፍለጋ መሄዱም አያስወቅሰውም። ሆኖም የከሚሴ ወጣት ከሀገሩ ሊግ ይልቅ የእንግሊዙን አጥርቶ ማወቁን ስናይ ሥጋታቸው ከንቱ ነበር ማለት ያስቸግራል።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በ65 ዓመታቸው አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ያሰለፈ ቡድን ይዛ፣ በገዛ ሜዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው እርሳቸው ካለፉ በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም ነው።